«ሰው አለህ?»

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የጊዜ ቀጠሮ ችሎት በር ላይ የቆመ ሰው ከሁሉ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው ጫማ ላይ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ ቀበቶና የጫማ ማሰሪያ ይወሰዳል፤ ራስን ማነቂያ እንዳይሆን ነው ይባላል። ስለዚህ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በካቴና ተያይዘው የሚመጡት በነጻ እጃቸው ሱሪያቸውን ወደ ላይ ይዘው፣ አፉን የከፈተ ጫማ እየጎተቱ ነው። ሰው እንዲህ ሆኖ ዳኛ ፊት ሲቆም ጥፋተኛ ይመስላል። እኔንም ቀበቶዬን ፈታችሁ፣ ሁለት ቀን ሳልታጠብ ብታቆሙኝ ጥፋተኛ እመስላለሁ።

ጥብቅና ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። ሰው ሥራዬን ሲሰማ የሚጠይቀኝ ስለ ግድያና ስለ ትልልቅ ክርክሮች ነው። የሙያዬ ክብደት ያለው ግን እዚያ አይደለም። አንድ ሰው ታስሮ ይቆይ ወይስ ጉዳዩን በውጭ ሆኖ ይከታተል የሚለው የሚወሰነው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ያውም በሩ እየተከፈተና እየተዘጋ፣ ጸሐፊዋ የሚቀጥለውን መዝገብ እየፈለገች። የብዙ ሰው ኑሮ የሚፈርሰው ወይም የሚተርፈው በዚያች አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክርክር፣ ምስክር፣ ብይን፣ ፍርድ፣ ለድሃ ደንበኞቼ ብዙ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ወሬ ነው።

ሕጉ ክፉ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ከዚህ ላይ የሚቀነሰው ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። በዋስ የመፈታት መብትም እዚያው አንቀጽ ውስጥ ተቀምጧል። እኔ ሙያውን የተማርኩበትና የሠራሁበት የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ ተጨማሪ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል፣ አንድ ጊዜ የሚሰጠው ግን ከ14 ቀን አይበልጥም ይላል። ስንት ጊዜ ይሰጠው ለሚለው ልክ አላበጀለትም። እናም 14 ቀን የመጨረሻው ወሰን መሆኑ ቀርቶ መነሻ ዋጋ ሆነ። መርማሪው ተነስቶ «አሥራ አራት ቀን ይሰጠን» ሲል ገበያ ላይ ዋጋ እንደሚጠራ ሰው ነው። ዳኛው አሥር ይላሉ፣ ሰባት ይላሉ፤ ሁለቱም ወገን የተጎዳ አይመስለውም። የሚቆጠረው የሌላ ሰው ቀን ነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ መያዝን የመሰለ ደግሞ የለም። አርብ አሥር ሰዓት ላይ የተያዘ ሰው 48 ሰዓቱ የሚሞላው እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ የሚቀርበው ግን ብዙ ጊዜ ሰኞ ነው። ለምን ሲባል ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ። ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ የሚል ቃል ፈልጌ አላገኘሁም። «የሚጠላህ ሰው አርብ ነው የሚያመለክትብህ» የሚል ቀልድ በጠበቆች ዘንድ አለ፤ ቀልድ መሆኑ እየቀነሰ ነው።

ራሴን ሳልናገር ሌላውን መውቀስ አይሆንልኝም። በዐቃቤ ሕግነቴ ዘመን እኔም ያችን ዜማ አዜም ነበር። «ግብረ አበሮቹን ለመያዝ፣ የቀሪ ምስክሮችን ቃል ለመቀበል፣ የቴክኒክ ማስረጃ ለማምጣት ይቀረናል፤ ዋስትና ቢፈቀድለት ማስረጃ ያጠፋብናል፣ ምስክር ያባብልብናል።» ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው እየገለበጥን ስሙን ብቻ እንቀይር ነበር። አንድ ቀን ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣

«ዐቃቤ ሕግ፣ ምስክሮችዎ እነማን ናቸው?» አሉኝ።

«ሦስት የፖሊስ አባላት ናቸው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«እና ይሄ ልጅ ፖሊሶችን ነው የሚያባብለው?»

ችሎቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቀጥሎ ዋስትናው ተከለከለ። ሳቁን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ የልጁን መልክ ግን ብሞክር ብሞክር አይመጣልኝም።

አሁን ስለያዝኩት፣ ማለትም ይዤው ስለነበረ፣ ሌላ ልጅ ላውራ። ጠበቃ በየዓመቱ ከሚጠበቅበት የነጻ አገልግሎት ላይ ቆጥሬ የተቀበልኩት መዝገብ ነው። ዕድሜው ሃያ አይሞላም፤ ከገጠር ከመጣ ሁለት ዓመቱ። ሶፍት፣ ማስቲካና የጆሮ ማዳመጫ ይዞ የሚዞር ሱቅ በደረቴ ነው። ታክሲ ተራ ላይ የአንዲት ሴት ስልክ ይጠፋል፤ «ሌባ!» ይባላል፤ ሰው ሁሉ ይሯሯጣል፤ ከሚሯሯጠው መካከል የሚያዘው እሱ ይሆናል። ስልኩ አልተገኘበትም። «ለጓደኛው አቀብሎታል» ተባለ። ጓደኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ አሥራ አራት ቀን ተጠየቀ፣ ሰባት ተፈቀደ። በሁለተኛው ቀጠሮ ዳኛው የ5,000 ብር ዋስ አስይዞ ወይም የደመወዝ ዋስ አቅርቦ ይውጣ ብለው አዘዙ።

አምስት ሺህ ብር ለዳኛውም ለእኔም ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ እንዲያውም ትዕዛዙን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ሕጉ የዋስትናው መጠን ሲወሰን የተከሳሹና የዋሶቹ አቅም ይታይ ይላል። «ደረትህ ላይ የነበረው ዕቃ ሁሉ ተሸጦ ስንት ያወጣል?» ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ። የተጠየቀው «ሰው አለህ?» ተብሎ ነው።

«አጎት አለኝ» አለ።

አጎቱ በአንድ የግል ድርጅት የሌሊት ጥበቃ ናቸው። ካፖርታቸውን እንደለበሱ ከሥራ ወጥተው ቢሮዬ መጡና ገና ሳይቀመጡ «ጌታዬ፣ ደመወዜ አራት ሺህ ሁለት መቶ ነው፤ እሱን ይያዙልኝ» አሉኝ። ደመወዝ እንዲህ በእጅ ተይዞ የሚሰጥ ነገር ቢሆን ኖሮ እዚያው ይሰጡኝ ነበር። ነገሩ ግን በደብዳቤ ነው። የድርጅቱ የሰው ኃይል ኃላፊ «ለብድር ቢሆን እንጽፍልዎ ነበር፤ ለወንጀል ግን ድርጅቱን አናስገባም» አላቸው። ስድስት ቀን ተለምኖ ጻፈ። ደብዳቤውን ይዘን ሬጅስትራር ሄድን። «ደመወዛቸው ለሌላ ዋስትና አለመያዙን አይገልጽም» ተባለ። እውነት ነው፣ አይገልጽም። ተመለሱ። ሁለተኛው ደብዳቤ ያንን ይገልጻል፣ ቀን ግን የለውም። ሦስተኛው ሁሉንም አሟልቶ ሲመጣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ፊቷን እንኳ ሳትመልስ «ሲስተም የለም» አለች። አጎትየው ወደ እኔ ዞረው «ሲስተም የሚሉት ሰውዬ መቼ ነው የሚገባው?» አሉ። አልሳቅሁም። ሌሊቱን ቆመው አድረው ቀኑን ከእኔ ጋር የሚዞሩ ሰው ናቸው፤ ያን ሰሞን መቼ እንደሚተኙ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ልጁ በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚበላው ታክሲ ተራው አጠገብ ሻይ ቡና የምትሸጥ ሴት የምታመጣለትን ነው። ዘመዱ አይደለችም። ዝናብ ሲመጣ ሸራዋ ሥር ያስጠጋችው ነበር፣ እሱም ውሃ ይቀዳላት ነበር፤ በቃ። አንድ ቀን ጣቢያው በር ላይ አገኘኋት። ፌስታሏን ፈትታ ምሳ ዕቃውን ከፈተች፤ ጥበቃው «ቅመሺው» አላት። ራሷ የሠራችውን ሽሮ በራሷ እንጀራ ጠቅልላ፣ የሰርግ ቤት ጉርሻ ያህል አድርጋ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ጎረሰች። «ልድገምልህ?» አለችው። ጥበቃው አፍሮ ዞር አለ። ደንቡ ደንብ ነው፣ ለእስረኛው ደኅንነት ነው፤ ይገባኛል። ያን ቀን ግን ከሁለቱ ማን እየተፈተሸ እንደነበረ አልተለየኝም።

በመጨረሻ ብሩን ያስያዘችው እሷ ናት። ዕቁቧ ወጣላትና 5,000 ብር አስይዛ መፍቻው ተጻፈ። የመፍቻው ትእዛዝ ጣቢያ ሲደርስ ከምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፤ «ኃላፊው ወጥተዋል» ተባለ። በማግስቱ ተፈታ። ዋስትና ከተፈቀደለት በኋላ ብቻ 33 ቀን፣ በጠቅላላው 42 ቀን። ከሦስት ወር በኋላ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃው አያስከስስም ብሎ መዝገቡን በግማሽ ገጽ ዘጋው።

አባቶቻችን ዋስ ላጣ ሰው የነበራቸው ዘዴ ዛሬ ሲሰሙት ያስደነግጣል። ዋስ ያልጠራ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝቶ ይቆይ ነበር፤ ቁራኛ ይሉታል። ቃሉ ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» በምንለው ውስጥ ቀርቷል። ከሳሽና ተከሳሽ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይነሳል። ይመለስ የሚል ካለ እብድ ነው። ግን አንድ ነገር ነበረው፦ ቀጠሮው ሲራዘም የሚመረው ለሁለቱም ነበር። ዛሬ ቀጠሮ ሲራዘም ከሳሽ ቤቱ ይገባል፣ መርማሪው ቤቱ ይገባል፣ ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ እኔም ቤታችን እንገባለን። ሰንሰለቱ በአንድ ወገን ብቻ ቀረ።

ይህን ስል ሁሉም ይፈታ ማለቴ አይደለም። ሰው በዋስ ወጥቶ የሚያጠፋውን አይቻለሁ፤ ያውም በእኔ ክርክር ወጥቶ። ሚስቱን ደብድቦ የተያዘ ደንበኛ ነበረኝ። ቋሚ አድራሻ አለው፣ ሥራ አለው፣ የመኪናውን ሊብሬ ለማስያዝ ዝግጁ ነው ብዬ አቀረብኩ። ዐቃቤ ሕጓ 20,000 ብር ይሁን አለች፤ እኔ 10,000 ይበቃል አልኩ፤ ዳኛው 15,000 አሉ። ሁላችንም ሥራችንን የሠራን መሰለን። በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ የተጠለለችበት የእህቷ ቤት በር ላይ ቆሞ ሲደነፋ አደረ። በኋላ ትዕዛዙን አውጥቼ አነበብኩት። እንዳይቀርባት የሚል አንድ ቃል የለበትም። እኔ አላነሳሁም፣ ዐቃቤ ሕጓ አላነሳችም፣ ዳኛውም አልጠየቁም። ሕጉ ተጠርጣሪው ሌላ ወንጀል የሚፈጽም ወይም ምስክር ላይ ተጽዕኖ የሚያደርግ መስሎ ከታየ ዋስትና ይከለከል ይላል፤ እኛ ግን ከሰዓቱ ግማሹን የጨረስነው በብር መጠን ክርክር ነው። ሱቅ በደረቴውን ያሰረውና ይህን ሰውዬ የፈታው ያው አንድ ጥያቄ ነው። «ሰው አለህ? ብር አለህ?» አንዱ የለውም፣ አንዱ አለው። «ይሄ ሰው ቢወጣ ማን ምን ይሆናል?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ መልሱ የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር።

ዋስ ማለት መጀመሪያ ገንዘብ አልነበረም፣ ሰው ነበር፤ «በእሱ ፈንታ እኔን ያዙኝ» የሚል ሰው። ያቺ ሻይ ቡና ሻጭ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያንን እያለች ነበር፤ ግን ደመወዝ የላትም፣ ካርታ የላትም፣ ሊብሬ የላትም። ይገርመኛል፤ ዕድር ለቀብር ይታመናል፣ ድንኳኑንና ወንበሩን፣ የሟችን ቤተሰብ ሳይቀር እንሰጠዋለን፤ «ይህ ልጅ የእኛው ነው፣ በቀጠሮው እናቀርበዋለን» ብሎ ማኅተሙን አድርጎ ቢጽፍ ግን የሚቀበለው መስኮት አላውቅም። በየሳምንቱ ጣቢያ ቀርቦ ይፈርም ማለትስ ምን ያቅታል? ብዕርና መዝገብ ነው የሚፈጀው። የሚጠፋ አይጠፋም አልልም። የሚጠፋው ግን ብር ያስያዘም ሆኖ ይጠፋል።

ሰፈሩም የራሱ ችሎት አለው። በዋስ የወጣ ሰው በሰፈር ቋንቋ «ከፍሎ ወጣ» ይባላል። አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አንድ ጎረቤቴ «ሌቦቹን እያስፈታሃቸው ነው አሉ» አለኝ። የዋስትና ብር መቀጮ እንዳልሆነ፣ ለማንም እጅ እንደማይገባ፣ ተከሳሹ ቀጠሮውን አክብሮ ጉዳዩ ሲያልቅ እንደሚመለስ አስረዳሁት። አዳምጦኝ ሲያበቃ «እሱማ ልክ ነህ፤ ግን ስንት ከፈለ?» አለኝ። ተስፋ ቆርጬ ንፍሮዬን ቃምኩ።

ቴሌቪዥናችንም ለዚህ የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። በ2005 ዓ.ም. «ጀሃዳዊ ሐረካት» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ሲተላለፍ በፊልሙ የቀረቡት ተከሳሾች ገና በክርክር ላይ ነበሩ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ግን ጥፋተኛ መሆኑ በፍርድ እስኪረጋገጥ ድረስ ሰው ንጹሕ ሆኖ ይገመት ይላል። ዛሬ ለዚያ ቴሌቪዥን አያስፈልግም። ጣቢያ በር ላይ በስልክ ይቀረጻል፣ መርማሪው ቃል ሳይቀበል ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ ከሥሩ «ይሰቀል» ይጻፋል። በተለይ ሕፃን ላይ የደረሰ ግፍ ሲሆን የሕዝቡ ቁጣ ይገባኛል፤ እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። ሆኖም እንዲህ ላሉት ለከበዱት ሕጉ ራሱ መልስ አለው፦ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስከትል ወንጀል ሲሆን የዋስትናው በር ይጠባል። የሚያስፈራኝ ለእነዚያ የተነሳው ቁጣ ስልክ ጠፋብኝ ለተባለበትም ልጅ መትረፉ ነው። ዳኛም ስልክ አለው፤ ዳኛም ለቅሶ ቤት ይቀመጣል።

ዋስትና ላይ እጅ ማስገባት የሕዝብ ብቻ አመል ቢሆን ደግ ነበር። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሲያዙ፣ የያኔዋ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይፈቱ ብለው አዘዙ። አቶ ስዬ ወዲያውኑ ተመልሰው ተያዙ፤ በዚያው ሰሞንም በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክል ሕግ ወጣ። የእኔ ትውልድ የሕግ ተማሪዎች ይህን ታሪክ የሰማነው ከመምህር ሳይሆን ካፍቴሪያ ውስጥ ነው። በዋስ ተፈትቶ በር ላይ በሌላ መዝገብ መያዝን በሥራዬም አይቻለሁ። ለዚህ ነው መፍቻ በእጄ ይዤ እንኳ ደንበኛዬ ታክሲ ውስጥ እስኪገባ ድረስ «እንኳን ደስ አለህ» የማልለው።

ወደ ልጁ ልመለስና ላብቃ። መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ሻይ ቡና ሻጯ ቢሮዬ መጣች። ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ላስቲኩን በመሐረብ ቋጥራ ነው የያዘችው።

«ጋሼ፣ ብሩ ይመለሳል ብለውኝ ነበር» አለች።

ፈትቼ አየሁት። የከፋዩ ስም የሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው የልጁ ስም ነው። እሷ ብሩን በመስኮት አስገብታ ስትሰጥ ማን ከፈለ ብሎ የጠየቀ የለም፤ የተጠየቀው የተከሳሹ ስም ነው። ገንዘቡን ለመውሰድ እሱ ራሱ መታወቂያ ይዞ መቅረብ አለበት፣ አለበለዚያ ውክልና ይላክ። ልጁ ደግሞ ሲወጣ ታክሲ ተራው ላይ ቦታውን ሌላ ይዞበት፣ ዕቃውም ጠፍቶ፣ ሰው ሁሉ «ያ ሌባው» እያለ ሲያየው ሳምንት ሳይቆይ አገሩ ገብቷል። ስልክ የለውም። አጎቱን አስጠየቅሁ፤ በዚያ ሰሞን ከሥራ እየቀሩ በማስቸገራቸው ድርጅቱ አሰናብቷቸዋል፤ የት እንዳሉ የሚያውቅ አላገኘሁም።

«ላገሩ ሰው ሲገኝ እልክበታለሁ፤ እርስዎ ጋ ይቀመጥ፣ እኔ ጋ ዝናብ ይገባል» ብላ ደረሰኙን ትታልኝ ሄደች። መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ከነመሐረቡ።